ያልደረሰኝ የሰርግ ኮላች

እትዬ፣

ጉልበትሽ እንዴት አደረገሽ? የእኔን ከጠየቅሽ፣ ከዓይኔ ድካም በቀር ደህና ነኝ፣ ተመስገን። እዚህ ብርኖ ከተማ ዝናቧን ትለቀዋለች።

ልጅሽ ሚላዳ ጽፋልኛለች፤ አትቆጫት። ሰርጌ ላይ ስለ ሰርጉ ኬክ ስለ ኮላች ሁለት ቃል ልናገር ነው፣ አክስቴ ጸጉርሽ የሸበተው መዝገበ ቃላት ስትጽፊ አይደል፣ በይ ንገሪኝ ትላለች። ቃሉ በእኛ በቼክ ቋንቋ ከመንኮራኩር የመጣ ነው፣ ኬኩ ክብ ስለሆነ፣ አልኳት። ሀንጋሪዎች ካላች ብለው ወስደው እንደ ሹሩባ ይጎነጉኑታል። ሩማንያዎች ኮላክ ይሉታል፤ በቀብር ቀን ለሟች ነፍስ ያድሉታል። ይህንን የመጨረሻውን ግን ተውኩት። ለሙሽራ የቀብር ወሬ አይጻፍም።

ለአንቺ ልጨርሰው። እማዬ የሞተች ጊዜ እኔ ሩማንያ ገጠር ቃል ስለቅም ነበር። ቴሌግራሙ ከቀብሩ በኋላ ደረሰኝ ብዬሻለሁ። ውሸቴን ነው፤ አንቺም ያኔ እንዳላመንሽኝ አውቃለሁ። በሞተች በማግስቱ እጄ ገብቷል፤ ባቡርም ነበረ። እዚያው መንደር አንድ ሽማግሌ ሞተው ነበርና፣ ኮላክ ሲታደል በዓይኔ ሳላይ አልሄድም አልኩ። ከሞተች ወዲያ ምን አደርግላታለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ፍሎሪካ የምትባል የሟቹ ልጅ ኮላኩን በእጄ ሰጠችኝና ነፍስ ይማር በይ አለችኝ። አልኩ። እንባዬ ሲመጣ ገርሟት አባቴን ታውቂው ነበር እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። አይ፣ እናቴ ዛሬ እየተቀበረች ነው አልኳት። ትኩር ብላ አየችኝና፣ ታዲያ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ አለችኝ። ኮላኩን በመሐረቤ ጠቅልዬ ወጣሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው፣ ጥያቄዋ ዛሬም ከእኔ ጋር ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔው ግን በጣም አደረ።

የሰርጉ ኮላች በየቤቱ እንደታደለ ጎረቤትሽ ያርሚላ ጽፋልኛለች። ለፖስተኛው ሳይቀር ደርሷል አሉ። እኔ ጋ አልመጣም። ከፍቶኛል፣ አልደብቅሽም። ኮላች ያልተላከለት ለሰርጉ እንዳልተጠራ መሆኑን አጥቼው አይደለም፤ አልፈርድብሽም። በሰርጉም ቀን መጥቼ ደስታሽን አልረብሽም።

ኮላችም አልለምንሽም። አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ። እማዬ መጨረሻዋ ላይ ስሜን ጠርታ ነበር? ይህን ሁሉ ዘመን ያልጠየቅኩሽ አዎ እንዳትዪኝ ፈርቼ ነው። አሁን አዎም ቢሆን ንገሪኝ።

ሚላዳን ሳሚልኝ። ጋብቻዋን የአብርሃምና የሣራ ያድርግላት፤ አንቺንም የልጅ ልጅ ለማቀፍ ያብቃሽ።

ታናሽሽ