ዘጠኝ ኪሎ ቤንዚን ስንት ሊትር ነው

የካቲት 7/75። ሰኞ፣ ማታ።

ውኃ ዛሬም አልመጣም። ከሐይቁ ሁለት ጀሪካን ተሸክሜ ገባሁ፤ ወገቤ ሊቆረጥ ነው። የ9ኛ ሐ ፈተና አልታረመም። ግን ማስታወሻዬ፣ ይህ ሁሉ ዛሬ ከቁም ነገር አይገባም። ከደቅ ደሴት መልእክት ደረሰኝ። እህቴ የሺ፣ መሠረተ ትምህርት ልታስተምር የሄደችው፣ ወሯ ገብቷል። የጤና ረዳቱ ሆዷን ዳብሶ ሕፃኑ አግድም ነው የተኛው ብሏል። ምጥ ሳይጀምራት ባ/ዳር ሆስፒታል ትድረስ። መርከቡ የሚሄደው በሚቀጥለው ሳምንት። በታንኳ፣ በዚህ ነፋስ፣ አይታሰብም። ባሏ ግንባር ነው። ያለኋት እኔ ብቻ። ፈራሁ።

የካቲት 8። ማክሰኞ።

ተመስገን፣ ተገኘ። አንድ መ/ቤት የሞተር ጀልባ አለው። ነጂው ጋሽ ይርዳው ዓርብ ጠዋት እንሄዳለን አሉ፤ ቤንዚኑን ግን አስፈቅጂ። ሞተሩ ገና መምጣቱ ነው፤ ምን ያህል እንደሚጠጣ እሳቸውም አያውቁም። መመሪያውን ሰጡኝ። በሰዓት 9 ኪ.ግ. ይላል። ደቅ ለመድረስ ሦስት ሰዓት፣ ለመመለስ ሦስት ሰዓት። በጠቅላላው 54። ስልሳ እንበለው፤ ሦስት ጀሪካን። ፊዚክስ ማስተማሬ ለአንድ ቀን እንኳ ጠቀመኝ አልሁ።

ፈቃድ ሰጪው ጓድ ታደለ ነው። ልጅ እግር ነው፣ ወንበሩ ግን ያስፈራል። ከስብሰባ እስኪወጣ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። ሦስት ጀሪካን ብዬ ጠየቅሁ፣ ፈረመ። እፎይ። ዛሬ እራት በላሁ።

የካቲት 9። ረቡዕ፣ ከሰዓት።

እፎይታው አንድ ቀን አልሞላም።

ቤንዚኑን አስቀድቼ በጋሪ አመጣሁ። አንዱን ጀሪካን ላወርድ ሳነሣ ቀለለኝ። በየቀኑ ውኃ የምሸከምበት የፕላስቲክ ጀሪካን ነው፤ ሲሞላ ምን ያህል እንደሚከብድ ክንዴ ያውቀዋል። ማደያዎቹ አጭበረበሩኝ ብዬ ደሜ ፈላ። ክዳኑን ከፈትሁ። እስከ አንገቱ ሙሉ። ሁለተኛውም ሙሉ። ሦስተኛውም።

ደጅ ላይ ቁጭ አልሁ። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ የሚመዝነው ውኃ ነው። ቤንዚን ከውኃ ይቀላል። መመሪያው የሚቆጥረው በኪሎ፣ ማደያው የሚሸጠው በሊትር፣ እኔ ሁለቱን አንድ አድርጌ አረፍሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ ዴንሲቲ ሰሌዳ ሙሉ የጻፍሁት እኔው ነኝ። ልጆቹ ቢሰሙ።

ወፍጮ ቤት ሄድሁ። ባለወፍጮዋ እትዬ ጥሩ፣ «ሚዛኔ ቤንዚን ሸትቶ ዱቄቴን ማን ይወስድልኛል» ብለው ተቆጡ። ከረጢት አንጥፌ፣ ለምኜ መዘንሁ። ከነጀሪካኑ 16 ኪሎ። ባዶው ጀሪካን 1.2። ቤንዚኑ ብቻ 14.8። ለ20 ሊ. ሲካፈል፣ አንዱ ሊትር 0.74 ኪሎ። እንግዲህ በሰዓት 9 ኪሎ ማለት 9 ሲካፈል ለ0.74፣ በሰዓት 12 ሊ. ከትንሽ። ለስድስት ሰዓት 73 ሊ.። የያዝሁት 60። አምስት ሰዓት እንኳ አይሞላም።

የሺን ጭነን ስንመለስ፣ ከዘጌ ወዲያ፣ መሃል ሐይቅ ላይ ሞተሩ ጸጥ ይል ነበር። አራተኛ ጀሪካን የግድ ነው።

የካቲት 10። ሐሙስ።

ጓድ ታደለ ዘንድ ሄድሁ። ሁለት ጀሪካን ይዤ፤ አንዱ ውኃ፣ አንዱ ቤንዚን። ዘበኛው ከነቤንዚኑ አላስገባም አለ። እውነቱን ነው። ጓድ ታደለ ራሱ ወደ ግቢው ወጣ፣ ፊቱ እንደተቋጠረ። ቤንዚን በጓሮ የሚሸጠው ብዙ ነው፤ እኔንም ከነሱ ቆጥሮኛል።

«ከትናንት ወዲያ ሦስት ብለሽ አስፈረምሽኝ። ዛሬ አራት። ነገስ?»

«ተሳስቻለሁ፣ ጓድ። ኪሎውን እንደ ሊትር ቆጠርሁት። እባክዎ ሁለቱንም ያንሷቸው።»

አነሣ። የውኃውን። የቤንዚኑን። ደግሞ የቤንዚኑን። ከዚያ ልክ እንደኔ ክዳኑን ከፍቶ አየ። በዚያ ጭንቅ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። የወፍጮ ቤቱን ሒሳብ ነገርሁት፣ ስለ የሺም ነገርሁት። ፈረመ። ወረቀቱን ሲሰጠኝ ግን ቶሎ አልለቀቀውም።

«አንድ ጀሪካን እንደሞላ ቢመለስ፣ የምንነጋገረው እዚህ አይደለም።»

የት እንደሆነ ሳይነገር ይታወቃል። ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ።

የካቲት 11። ዓርብ። ደቅ፣ ወደቡ ላይ።

ደረስን። አንዱ ጀሪካን አልቋል፣ ሁለተኛው ሊያልቅ ነው። ሒሳቡ ልክ ነው። የሺ በሰው ትከሻ ተደግፋ እየመጣች ነው። እግሯ አብጧል። ስታየኝ ሳቀች፤ ቂል።

በዚያው ቀን፣ ሆስፒታል በር ላይ።

አስገቧት። በኦፕራሲዮን ነው የምትገላገለው። ምጡ ጀልባ ላይ ጀመራት፤ እጄን ጨምድዳ ይዛ መጣች። ዘጌ ከሩቅ ሲታይ ሦስተኛው ጀሪካን ተንጠፈጠፈ። ጋሽ ይርዳው አራተኛውን እየገለበጡ ዞር ብለው አዩኝ።

«መምህርት፣ እዚች ላይ ነበር የምንቀረው» አሉ።

የሺ የገባችበት በር አሁንም ዝግ ነው።

የካቲት 14። ሰኞ።

ወንድ። ሁለቱም ደህና። ሁለቱም ደህና። ሦስት ቀን አለቀስሁ፣ ሳቅሁ፣ ተኛሁ፤ አንድም አልጻፍሁልህ።

ጠዋት የተረፈውን ቤንዚን ለጓድ ታደለ መለስሁ። ከግማሽ ጀሪካን በታች። ዛሬ ክዳኑን አልከፈተም፤ ብድግ አድርጎ በእጁ መዘነና አስቀመጠ። ወንድ ነው ሴት ብሎ ጠየቀኝ፤ ወንድ አልሁት። እንኳን ማርያም ማረቻት ሊል ጀመረና ዙሪያውን አይቶ እንኳን ደስ አላችሁ አለ። ከቢሮው ስወጣ እንደ ልጅ ልሮጥ ምንም አልቀረኝ።

አሁን የሺ አልጋ ሥር ተቀምጬ ነው። ነርሷ ሕፃኑን መዝና ሦስት ኪሎ ተኩል ብላ ጻፈች። እኔ አላመንሁም፤ ክንዴ ከዚያ በላይ ይላል። የሺ ደግሞ እታለም፣ ያንን ደብተር ተይና ተቀበይኝ እያለች ነው። እሺ። አንድ ጊዜ ላንሣውና