የሞት ምት ለእራት ጥሪ

ሊቲያዬ፣

ይህን ከናንዲ ከተማ ስጽፍልሽ ደሜ እንደፈላ ነው። ትናንት ሆቴሉ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ የላሊ ከበሮ ሲመታ ሰማሁ፤ ያ እያረፈ፣ እያዘገመ የሚመታው፣ የሞቱ ምት። እንደ ደንባችን ከወንበሬ ወርጄ መሬት ተቀመጥኩና አንገቴን ደፍቼ አስተናጋጁን «ማን አረፈ?» አልኩት።

«ማንም አልሞተም እማማ፣ እራት ደርሶ ነው» አለኝ እየሳቀ።

ጠጋ ብዬ ሳየው ከበሮው የአባትሽ ሥራ ነው፤ ጫፉ ላይ ያቺ የሚቀርጿት ኤሊ አለች። ዕድሜ ልካቸውን የቬሲ ግንድ ሲፈለፍሉ የኖሩ ሰው፣ የካቫ መጠጫ ገበታችንንም የቤተ ክርስቲያናችንንም ላሊ የሠሩ፣ ድምፁ ካልጣማቸው ከደጃቸው የማያስወጡ ሰው፣ ለዚህ ነው የለፉት?

የሚመታው ደግሞ የኛው የላው ደሴቶች ልጅ ሆኖ አረፈው። «ምን ላድርግ፣ ፈረንጆቹ ይቺን ምት ይወዷታል» አለኝ።

«እናትህ ስትሞት የእራቱን ትመታላታለህ?» አልኩት። መምቻዎቹን ከበሮው ላይ ጥሎ ወደ ወጥ ቤት ገባ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ደሴታችን ካባራ ላይ ሁሉንም ሳሚልኝ፤ የአባትሽን ጉልበት አስቀድመሽ። መምቻዎቹን እኔው ይዤላቸው እመጣለሁ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ናቸው። ዛሬ እራት የተጠራው ድስት በማንኪያ እየተደበደበ ነው።

ቪሊማይና