ከንግግርሽ ላይ የሰረዝኩት ቃል

ውድ ስርጉት፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ እምቢ አለኝ። እንዴት እንደሰነበትሽ አይቻለሁና። ባለፈው ወር በገበያ ቀን ጉንደ ወይን መጥቼ ከአክስትሽ ሱቅ ፊት ለፊት ቆሜ ነበር። አንዲት ሴት ክብሪት ጠየቀችሽ፣ አንስተሽ ሰጠሻት። ስንት ነው ስትልሽ በጣትሽ አሳየሻት። ሴትዮዋ ወደ ጓደኛዋ ዞር ብላ «ዲዳ ናት መሰለኝ፣ አይ ምስኪን!» አለቻት። ዐሥር እርምጃ ብራመድ እደርስ ነበር። አልተራመድኩም። ወደ መናኸሪያው ተመልሼ ባገኘሁት መኪና ቢቸና ገባሁ።

ዲዳ አለመሆንሽን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የምጽፍልሽም ለዚህ ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሽ ስም ሲጠራ «አቤት» አትይም ነበር፤ እጅሽን ብቻ ታወጪያለሽ። ተማሪው «የየኔታ ወልደ ኪዳን ልጅ ኩራቷ!» ይልሽ ነበር፤ እኔም ኩራት መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ደብተርሽ ላይ የጻፍሽውን ጮክ ብለሽ አንብቢ ብዬ አስነሳሁሽ። ደህና ጀመርሽ። «መ» የሚል ፊደል ላይ ስትደርሺ ግን ከንፈርሽ ተገጥሞ ቀረ፤ አንገትሽ ላይ ያለው ሥር ተገተረ። ክፍሉ ሳቀ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም እንጂ፣ እኔም ፈገግ ብዬ ነበር።

በዓመቱ ከላይ መመሪያ መጣ፤ ተማሪው የመግባባት ክህሎቱ ደካማ ስለሆነ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የንግግር ክበብ ያቋቁም ተባለ። እንዲህ ያለው ነገር የሚወድቀው በእንግሊዝኛ መምህር ላይ ነውና በእኔ ላይ ወደቀ። ከተመዘገቡት አብዛኞቹ በሦስተኛው ሳምንት ቀሩ። ያልቀረሽው አንቺ ነሽ። አንቺን የመሰለ ልጅ እዚህ ምን ትሠራለች ብዬ ስጠይቅሽ ብጣሽ ወረቀት ላይ እንዲህ ብለሽ ጻፍሽልኝ፦ «ከልጅነቴ ጀምሮ የአባቴ ጉባኤ ቤት ደጅ ቆሜ ሌሎች ሲናገሩ ስሰማ ኖርኩ። እኔም አንድ ቀን ሰው ፊት ቆሜ ሳላቋርጥ መናገር እፈልጋለሁ።»

ከዚያ በኋላማ ሥራችን ከ«መ» መሸሽ ሆነ። ከባሕር ዛፎቹ ሥር ተቀምጠን ቃላቱን አንድ በአንድ እየለቀምን እንለውጥ ነበር። «መምህር» የሚለውን «አስተማሪ»፣ «መብራት» የሚለውን «ኤሌክትሪክ» አልነው። አንድ ቀን «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ማ… ማ… ማጭበርበር ነው» አልሽኝ። «ማጭበርበር አይደለም፣ በጓሮ በር መግባት ነው» አልኩሽ። ስትስቂ ያን ጊዜ ነው የሰማሁሽ። ሳቅሽ አይንተባተብም ነበር።

የሞጣው የትምህርት ቤቶች የንግግር ውድድር ሲመጣ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ነበርሽ። የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ወሬው ሁሉ የኤሌክትሪክ መኪና ስለነበር ርዕሱም እሱው ሆነ። ያሸነፈ ባሕር ዳር ሄዶ ይማራል ተባለ። ዕጣ ሲወጣ ለውጡን ደግፈሽ እንድትከራከሪ ደረሰሽ። ቢቸና ግን መብራት ከጠፋ አራተኛ ቀኑ ነበር፤ ስልካችንን ቻርጅ የምናደርገው ጄኔሬተር ያለው ወፍጮ ቤት ተሰልፈን ነው። «እኛ የስልክ አጥተን ስለ መኪና ቻርጅ!» ብዬ ስስቅ ተቆጣሽኝ። የምርሽን ይዘሽው ነበር።

ሌሎቹ ስለ ቤንዚን ዋጋና ስለ ጭስ ሲያጠኑ አንቺ ማንም ያላሰበውን አሰብሽ። ጎረቤታችሁ አባ ወልደ ሰንበት ዓይናቸው አያይም፤ ከመንገድ ዞር የሚሉት የመኪና ድምፅ ሲሰሙ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ድምፅ የለውም። መኪናው ይምጣ፣ ግን እሳቸውን የመሰለ ሰው እንዳይገጭ መንገዱም ሰዉም ይዘጋጅ አልሽ። የንግግርሽ መጨረሻ እንዲህ የሚል ነበር፦ «አሮጌው መኪና እየጮኸና እያጨሰ ይሄዳል። አዲሱ መኪና ግን ድምፅ ሳያሰማ ይመጣል። በጆሮ ጠብቀን አናገኘውም። ስለዚህ ካሁኑ እንዘጋጅ።»

ሦስት ጊዜ ሞከርሽ፤ ሦስቱንም ጊዜ «መኪና» ላይ ተያዝሽ። ለመኪና ደግሞ ምትክ ጠፋ፤ «ተሽከርካሪ» ብንለውም ምላስሽ ተጠላለፈ። የመሄጃችን ዋዜማ ቀይ እስክሪብቶ አንስቼ ከሁለቱም ቦታ ሰረዝኩት። «አሮጌው፣ አዲሱ ካልሽ ይበቃል። ስለ ምን እንደምታወሪ ርዕሱ ይናገራል» አልኩሽ። አንዴ አነበብሽው፤ እንደ ውኃ ፈሰሰልሽ። ደስ ያለሽ ደስታ! እኔም በእጄ ሥራ ኮራሁ።

በማግስቱ ቢሆነኝ የሚባለው የሚኒባሱ ሾፌር ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን እየቀዳ «ቲቸር፣ ልጅቷ ካሸነፈች እኔ ምን ልበላ ነው?» ብሎ ቀለደ። ያኔ ነው ከኋላ ወንበር «አንተንም አዲሱን እንድትነዳ እናስተምርሃለን!» ያልሽው፤ ለማታውቂው ሰው፣ ሳትያዢ። ሞጣ እስክንደርስ ድረስ ፊትሽ እንደበራ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ አምስት ደቂቃ ሙሉ አንዴም ሳታቋርጪ ተናገርሽ። እዚያ ሆኜ እንባዬ መጣ። የመጨረሻዋን ቃል ስትጨርሺ ግን ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «እሰይ! የቅኔ ልጅ!» አሉና ጭብጨባው ፈነዳ።

አገራችንን ታውቂያታለሽ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰምቶ በአንድ ትርጉም የሚያሳልፍ ሰው የላትም። የቅኔ መምህር ልጅ ከሆንሽማ «ደህና ዋላችሁ» ብትዪም ሌላ ይፈለግበታል። አንቺ «ይሄዳል» ያልሽው አሮጌው መኪና መንገድ ላይ መሄዱን ነው፤ እነሱ የሰሙት አሮጌው ሥልጣን ለቆ መሄዱን ነው። ድምፅ ሳያሰማ የሚመጣው ማን ነው? የምንዘጋጀውስ ለምንድን ነው? «መኪና» የሚለው ቃል እዚያ ቢኖር ኖሮ ይህን ሁሉ ይዘጋው ነበር። ዘመኑ ደግሞ ሰው በቃል የሚጠረጠርበት ነው።

በዕረፍት ሰዓት ከዳኞቹ አንዱ፣ ከአስተዳደር ቢሮ የመጡት ሰውዬ፣ ጠጋ ብለው «መምህር ዓለምነህ፣ የልጅቷን ቅኔ ወርቁን አይነግሩኝም?» አሉኝ፤ እየሳቁ ነበር። ወርቅ የለውም ማለት ነበረብኝ። ልጅቷ «መ» ትይዛታለች፣ እኔ ነኝ የሰረዝኩት ማለት ነበረብኝ። ግን በወጣትነቴ ቅኔ ቤት ገብቼ ሳልጨርስ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ሰው እንኳ ቅኔ አዋቂ ቢለኝ ብዬ የኖርኩ ከንቱ ነኝ። ፈገግ አልኩና «እርስዎ እያሉ እኔ ልፍታው?» አልኳቸው። ፊታቸው ላይ የነበረው ሳቅ ሲጠፋ አየሁ። ልመልሰው አልቻልኩም።

ከምሳ በኋላ እኚያው ሰውዬ አንድ ክፍል አስገቡሽ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ በሩ ስስ ጣውላ ነው፤ ሁሉን ሰማሁ።

«አዲሱ ያልሽው ማንን ነው?»

«መ… መ… መ…»

«ተናገሪ እንጂ! አሮጌውስ?»

«መ… መ…»

«እውነት የሚናገር ሰው ይንተባተባል እንዴ? የምትደብቂው ባይኖር ምላስሽን ምን ያዘው?»

የሚያድንሽ ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም አልወጣ አለሽ። በሩን ገፍቼ «መኪና! መኪና ልትል ነው!» ማለት ነበረብኝ። እጄ የበሩ መያዣ ላይ ነበር። ደመወዜን አሰብኩ፣ ልጆቼን አሰብኩ፣ እጄን ከመያዣው ላይ አነሳሁ። ወጥተው «ንግግሩን ያዘጋጀው ማነው?» ሲሉኝ «ራሷ ናት» አልኩ። አንቺ ከኋላቸው ቆመሽ ሰማሽኝ። ዓይንሽን ከእኔ ላይ አላነሳሽም።

ሲመሽ ለቀቁሽ። ከሰኞ ጀምሮ ትምህርት ቤት አልመጣሽም። ቤታችሁ ሄጄ የኔታን አገኘኋቸው። «ልጄ ምን ብላ ነው?» አሉኝ። ንግግርሽን በቃሌ አልኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝና «ይህ ቅኔ አይደለም። ወርቅ የለው፣ ቤት አይመታ። የመኪና ነገር ነው» አሉ። ቀጥለውም «ከዚያ ሁሉ ሰው ይህን የሚያውቅ አንድ እንኳ ጠፋ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ነበርኩ አላልኳቸውም። በወሩ ወደ አክስትሽ ወደ አስናቀች ላኩሽ፤ «ከሞጣ ከተመለሰች ወዲህ ለእኔም ቃል አልወጣትም» አሉኝ።

ጉንደ ወይን ካየሁሽ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። ባለፈው ሳምንት በሁለት ሚኒባስ ሞጣ ሄድኩ፤ እኚያው ሰውዬ ቢሮ ገባሁ። ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ልጅቷ «መ» ላይ እንደምትያዝ፣ መኪና የሚለውን ቃል የሰረዝኩት እኔ መሆኔን፣ ያሾፍኩትም ከንቱነት ይዞኝ መሆኑን ተናገርኩ። ረቂቁንም ከነቀይ መስመሩ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት። ወረቀቱን ገልብጠው አዩት፣ እኔንም አዩኝ። ከዚያ ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ለጠጥ ብለው ሳቁ።

«እርስዎ ደግሞ ባሱ! ‹መኪናውን ያወጣሁት እኔ ነኝ› አሉኝ? ይቺስ ወርቋ ምንድን ናት?»

ወርቅ የላትም አልኳቸው። «እሱንም እናውቃለን» አሉና ወረቀቱን አጣጥፈው መሳቢያቸው ውስጥ አስገቡት። ፋይልሽ ከተዘጋ ቆይቷል፣ የሚከፍተውም የለም አሉኝ። ወጣሁ። እውነቱን ዘግይቼ ተናገርኩት እንጂ አልዋሸሁም፤ ግን የሚያምነኝ ጠፋ።

ክበቡም ተዘግቷል። አሁን ሰልፍ ላይ ተማሪ የሚያነበው ከቢሮ ተጽፎ የሚመጣውን ነው። እኔም ክፍል ስገባ ሰዋስው ሰሌዳ ላይ ጽፌ እወጣለሁ፤ ማንንም ተነሽና ተናገሪ አልልም።

ስርጉት፣ ተመለሺ አልልሽም፤ የምትመለሺበትን ቦታ እኔ አላውቀውም። ይቅር በይኝም አልልሽም። ይቅር ለማለት አንደበት ያስፈልጋል፤ እሱን ደግሞ የወሰድኩብሽ እኔ ነኝ።

መምህርሽ የነበረው፣
ዓለምነህ
ቢቸና