ከስምንት ቤት ወደ ሁለት

ሰኞ፣ ጥቅምት 9፤ ጠዋት 2፡30

ዛሬም ወጥ ቤት ነኝ። ሦስት ክምር፦ የሚሄድ፣ የሚሰጥ፣ የማይታወቅ። የማይታወቀው ጣሪያ ሊነካ ነው። ጋኑ ወደ አምበር ይሄዳል፣ ለባሌ ወንድም። አርባ ሳህን አለኝ፤ አርባ ሰው የት ላስቀምጥ? ሳስተምር የያዝኳቸው የስም መጥሪያ ደብተሮች አሥራ አንድ ሆኑ። ጣልኳቸው። መልሼ አነሣኋቸው። ደግሞ ጣልኳቸው። ደብተሬ፣ ቦታ የማትፈጅብኝ አንተ ብቻ ነህ።

ቤቱ የባሌ የመሪጌታ አባት ውርስ ነበር፤ ወንድሞቻቸው ድርሻቸውን ጠየቁ፣ ተሸጠ፣ አለቀ። ለእኛ የኮንዶሚኒየም ምድር ቤት፣ ሁለት ክፍል። እስከ 20 ውጡ ተብለናል። በማግስቱ ማርያም ናት፤ ጫኝ አይገኝም።

መሪጌታ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ይቀልዳሉ። ዕድሜ ልክ ቅኔ ያስተማረ ባል ያገባች ሴት ቀልዱን ትችላለች። ከስምንት ቤት መወድስ ወደ ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ወረድን አሉ፤ በቅኔ ቤት የሚባለው ስንኙ ነው፣ የእኛም ቤት ስምንት ክፍል አለው። ጉባኤ ቃና ጀማሪ ተማሪ የሚቆጥረው ነው፤ በሰባ ዓመቴ ጀማሪ ሆንኩ ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ሳህኑን ማን ይጠቅልል?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 10

የይበልጣል ክፍል በር ላይ ደርሼ ተመለስኩ። ሁለት ጊዜ።

አንድ ልጃችን ነው። ከመተማ ደውሎ ልሻገር ነው አለ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ጥር ላይ አምስት ዓመት ይሞላዋል። ሞተ ያለን የለም፤ አለ ያለንም የለም። ቢመጣ የሚያውቀው ይህን በር ነው። ቤቱን የገዛውን ሰውዬ፣ ስልክ ቁጥሬን በሩ ላይ በቀለም ልጻፍ ብዬ ለመንኩት። በሩን ሊቀይረው ነው! በትሕትና ነው የነገረኝ፣ ይባስ ብሎ። ንዴቴ አልበርድ ሲለኝ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ። አምስት ራስ። ለሁለት ሰው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 12፤ ከሰዓት

ገባሁ። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። ልብሱን ብል ጀምሮታል። ወፍራሙን ጃኬት አነሣሁና፣ ለብል ከሚሆን ለሰው ይሁን አልኩ። ሚካኤል ነው ዛሬ፤ ቤ/ክ ስሄድ ይዤው ወጣሁ። የበሩ ዘበኛ አባ ታምሩ በዚህ ብርድ በነተበ ነጠላ ነው የሚያድሩት። ለጥቅምት አንድ አጥንት ይላል ሰው፤ እሳቸው አጥንቱም ጃኬቱም የላቸውም።

ጆሯቸው አይሰማም። ጮክ ብዬ «በልጄ ስም ይልበሱት» አልኳቸው። እሳቸው ከእኔም ጮክ ብለው «ነፍስ ይማር!» አሉ። አይ አባ! ላርማቸው ስል ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ በሩን ሞላው። ተውኩት። ጃኬቱ ልክ ሆኗቸዋል። ደስ ብሎኝ ነው የተመለስኩት፣ እውነቱን ለመናገር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 14

አዲሱን ቤት በገመድ ለካሁት። መኝታ ክፍሉ የእኛን አልጋ ይዞ ሌላ አይችልም። ሳሎኑ ወይ ሶፋውን ይይዛል ወይ የይበልጣልን አልጋ። ሁለቱን በምንም ተአምር።

መሪጌታ ሶፋውን እንውሰድ አሉ፤ እንግዳ መሬት ሊቀመጥ ነው? ብለው። እኔ አልጋውን አልኩ። ልጄ ሲመጣ የት ይተኛል? ብላቸው ምርኩዛቸውን አንሥተው ወደ በረንዳ ወጡ። ስድብ ይሻለኝ ነበር። ተኮራርፈን ዋልን፤ እሳቸው በረንዳ፣ እኔ ጓዳ።

እሑድ፣ ጥቅምት 15፤ ረፋድ 5፡00

ሳይበርድልኝ ልጻፍ።

ጎረቤቴ ወ/ሮ ጠጄ ከፊት፣ ዘጠኝ ያህል ሴቶች ከኋላ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ገቡ። ማን ሞተ ብዬ እኔም ነጠላዬን ፍለጋ ሮጥኩ። አዘቅዝቄም ለበስኩ! ከዚያ የልጄን ስም ሲጠሩ ሰማሁ። የአባ ታምሩ ነፍስ ይማር ሰፈሩን ዞሮ፣ ጃኬቱ ታይቶ፣ ዕቃ መጠቅለላችን ተጨምሮበት፣ መርዶ ሆኖ ቤቴ ገባ።

ጮኽኩ። አልሞተም፣ ውጡልኝ ብዬ የስንት ዘመን የዕድር ጓደኞቼን አመናጨቅሁ። ጠጄ ደርቃ ቀረች። ተረድታችሁ የደበቃችሁን መስሎን ነው አለች፤ ነጠላዋንም መለስ አደረገች።

መሪጌታ ግን። ግድግዳ ተደግፈው መሬት ቁጭ ብለዋል። እግዜር ያጽናዎት የሚላቸውን ሁሉ አሜን ይላሉ። ጺማቸው በእንባ ርሷል። አምስት ዓመት ሲያለቅሱ አላየሁም። አልሞተም አላሉም፤ ማንንም አላረሙም። ፊታቸው ቆሜ ምን እያደረጉ ነው እርስዎ አልኳቸው።

«ተይኝ። አልቃሽ ካገኘሁ ላልቅስ» አሉ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 16

አላናገርኳቸውም። ልጄን ቀበሩብኝ። መጠበቁን ለእኔ ለብቻዬ ጥለው ሄዱ። ቁምሳጥኑን ብቻዬን ገፋሁት፤ ወገቤ ቀጭ አለ። እሰየው።

ጠጄ ድፎ ይዛ ለይቅርታ መጣች። ካርቶን ስታስር ዋለች። አባ ታምሩም ጃኬቱን ታቅፈው መጡ። ስሕተታቸውን ሰው ነግሯቸው ሳይለብሱት አድረዋል። በዚያ ብርድ! መልሼ አለበስኳቸው። አፌን ጆሯቸው ላይ አድርጌ፣ ይመልስልሽ ይበሉኝ አልኩ። አሉኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 18

መሪጌታ ምሳ ላይ ተናገሩ። መሞቱን እንደማያውቁ፤ መኖሩንም። እኔ እንዳልደነግጥ እንባቸውን አምስት ዓመት ሲውጡ እንደኖሩ። እኔ ደግሞ የረሱት ነበር የመሰለኝ! ስንቱን ቀን በልቤ ሰደብኳቸው። አፈርኩ። ንዴቱም አልወጣልኝም፤ ሁለቱም አለ።

ስሙን ግን አልጠሩም። «ልጁ» ነው የሚሉት፣ ከሄደ ጀምሮ። አልጋው ይቅር ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አላልኩም። ተነሥቼ የታጠበ ድስት አጠብኩ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 20፤ 3፡15

አይሱዙው በር ላይ ነው። ካርቶን ላይ ነው የምጽፈው፣ ጽሑፌ ተጣመመ። ሌላው ሁሉ ተጭኗል። የቀሩት ሶፋውና አልጋው። መኪናው አንዱን ነው የሚችለው፣ የቱ ይሁን አሉ ጫኞቹ። እርስዎ ይቁረጡት፣ እኔ ደከመኝ አልኳቸው መሪጌታን። እውነቴን ነበር፤ ሶፋው ቢሉም እሺ ልል።

ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። ሶፋውን አዩ። አልጋውን አዩ።

«ከሶፋው አልጋው ይበልጣል» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ ቀስ ብለው፣ የመጨረሻዋን ቃል ለብቻዋ ደገሟት።

አንዱ ጫኝ ሳቀ። አባባ፣ ሶፋው ነው እንጂ የሚበልጠው ብሎ በክንዱ ይለካላቸው ጀመር። ይለካ። እኔ ሰምቻለሁ።

ሶፋውን ለጠጄ አድርሱ፣ አልጋውን ጫኑ አልኩ። ፍራሹን ግን ማንም እንዳይነካው። እኔ ነኝ የምይዘው።