እመቤቲቱና አረንጓዴው ሶፋ

መጋቢት 2

በከባድ ሐዘን እገልጻለሁ... የሶፋ ሱቃችን የስቴፕል መምቻ ዛሬ ጠዋት አረፈ። ስንቱን ሶፋ ያለበሰ፣ ስንቱን ወንበር ከራቁትነት ያዳነ፣ ሁለት ጊዜም የገዛ አውራ ጣቴን ከእንጨት ጋር ያጋባ ታላቅ መሣሪያ ነበር። አንዴ "ጥስ" አለ፣ በቃ። ዝምታ ኮፍያውን አወለቀ። (ዝምታ ሠራተኛዬ ነው። ስሙ አይደለም፤ በቀን ከሦስት ቃል በላይ ስለማይናገር ያወጣሁለት ነው።) አዲሱ እስኪገዛ በመዶሻና በደቃቅ ሚስማር ልንሠራ ነው። ለጣቶቼ ከወዲሁ መጽናናትን እመኛለሁ።

ቤት ስገባ አብረውኝ የሚኖሩት ታላቅ ወንድሜ፣ ወንድም ጋሼ፣ ሬዲዮው ላይ ተደፍተዋል። የክልሉ ምክር ቤት አዋጅ ሊያወጣ ነው አሉ። የጦር ሜዳ ዓይነት ጠመንጃ በሲቪል ሰው እጅ እንዳይገኝ። ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ። እኔም አየሁ። እመቤቲቱ እንደ ወትሮዋ ሚስማሯ ላይ ተንጠልጥላ ሁለታችንንም ቁልቁል ታየናለች።

እመቤቲቱ የወንድም ጋሼ ክላሽ ናት። ሰውየው አላገቡም። ለምን ያገባሉ? በየእሑዱ ዘይት የሚቀቧት፣ የማትመልስላቸው፣ የማታረጅ አለችላቸው።

መጋቢት 5

ልጄ ደወለች።

"እማ፣ አዋጁን ሰማሽ?"

"ሰማሁ።"

"እና?"

"እና ምን?"

"እማ!"

እዚህ ከተማ ሥራ አግኝታለች። ግንቦት ላይ ትጀምራለች። ወይ እኛ ጋ ትገባለች፣ ወይ ቤት ትከራያለች። ምርጫው የእኔ አይደለም፤ የሚስማሩ ነው።

ያን ቀን መጻፍ አልወድም... ግን ካልጻፍኩት ነገሩ አይገባም። ድንቡሼ፣ የልጅ ልጄ፣ ያኔ ገና ዳዴ ትል ነበር። ከአልጋ ሥር ጥይት አግኝታ፣ አፏ ውስጥ ከትታ፣ እንደ ከረሜላ እየመጠጠች ሳሎን ብቅ አለች። ልጄ አልጮኸችም። ጣቷን አስገብታ አወጣችው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ልጇን ታቅፋ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ የማያቸው በስልክ ነው። ድንቡሼ መራመድ የጀመረችው በስልክ ነው። ጥርስ ያወጣችው በስልክ ነው።

መጋቢት 11

ጸደቀ! ወንድም ጋሼ ጋዜጣውን ይዘው ሳሎኑን ይዞራሉ።

"'ተነቃይ ካዝና ያለው፣ ራሱ እያጎረሰ የሚተኩስ...' አንቺ! ይሄ እኮ ያንቺ የስቴፕል መምቻ ነው!"

"ጠመንጃ አይደለም እኮ።"

"ካዝና አለው! መቶ ያጎርሳል! እኔንስ በሠላሳ ጥይት ነው የሚከሱኝ!"

"እሱ ሞቷል ወንድም ጋሼ። ሬሳ አስረክቡ የሚል አንቀጽ ካለ ያንብቡልኝ።"

ፈለጉ። የለም። ምክር ቤቱም ቢሆን ተጨንቋል አሉ። አንድ ተወካይ ተነሥቶ "ሰደፉ የሚታጠፍ ይከለከላል ብለናል፤ ታጥፎ መዘርጋት እምቢ ያለውስ?" ብሎ ጠየቀ። ጥያቄውን የሚያጠና ኮሚቴ ተሰየመ። ኮሚቴው ራሱ ታጥፎ እንዳይቀር እንጂ።

እስከ ሚያዝያ 10 ያስረከበ አይጠየቅም። በአቅራቢያው ባለ ፖሊስ ጣቢያ፣ ጠመንጃውና ካዝናው ተለያይተው፣ በደረሰኝ።

"በዚያ ክፉ ጊዜ ይሄ ሰፈር እንቅልፍ የወሰደው በማን ሆነና!" አሉ።

እዚህ ላይ መቀለድ አልቻልኩም። እውነት ነው። እሳቸው በር ላይ ቁጭ ብለው ያነጉ ነበር። ካንቀላፉት አንዷ እኔ ነኝ።

መጋቢት 14

ወንድም ጋሼ እመቤቲቱን ዘይት ቀቧት። ዛሬ እኮ እሑድ አይደለም...

መጋቢት 16

ተአምር። ወንድም ጋሼ "ላግዛችሁ" ብለው ሱቅ መጡ። ብብታቸው ሥር የተጠቀለለ ብርድ ልብስ። "ስንበረከክ ለጉልበቴ" አሉ። መዶሻ ሰጠኋቸው። ከሞላው ሥራ ሁሉ መርጠው አረንጓዴውን ያዙ።

ስለ አረንጓዴው አንድ ነገር መባል አለበት። አንድ የጥርስ ሐኪም አዝዞት ቀለሙን ሲያይ የሸሸው ባለ ሦስት መቀመጫ ነው። ሆድ ሲታመም የሚታይ ዓይነት አረንጓዴ። ደንበኛ ሁሉ እሱ ላይ ተቀምጦ ስለ ሌላ ሶፋ ይከራከራል። የሚገዛው አልተወለደም።

"የታችኛው ጨርቅ ረግቧል፤ እኔ እመታዋለሁ። እናንተ ምሳ ብሉ" አሉ።

ስንመለስ ከሥሩ ሚስማር በሚስማር ሆኗል። ሰው የአስከሬን ሳጥን እንኳ እንዲህ አይመታም። ዝምታ ጎንበስ ብሎ አየና "ኧረ!" አለ። አንድ ቃል። ብርድ ልብሱን ረስተው ሄደዋል መሰለኝ፤ ግን ፈልጌ አጣሁት።

መጋቢት 17

ግድግዳው ባዶ ነው። ሚስማሩ ብቻ።

"የት ሄደች?"

"ለታመነ ሰው ሰጠኋት።"

"ማን ነው የታመነው?"

"የማይናገር።"

"ዝምታ?!"

"ኤዲያ! ሩቅ ነው። አታውቂውም። አሁን ልጅቷን ጥሪያት፤ ቤቱ ንጹሕ ነው።"

ደስ አለኝ? አለኝ። አመንኩ? ... ነገ አስብበታለሁ።

መጋቢት 20

ለልጄ ነገርኳት። "እሺ፣ ደረሰኙን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ" አለች።

የኔ ልጅ ናት። ምን ይደረግ።

"ደረሰኝ የለኝም" አሉ ወንድም ጋሼ፣ እየሳሉ። ከዚያ ቀጥሎ ጉንፋን ጣላቸው። እውነተኛ ጉንፋን ይሁን የአዋጅ ጉንፋን አልተጣራም።

መጋቢት 23

የፖሊስ ጣቢያው ኢንስፔክተር በአካል መጣ። ዝግ ያለ፣ ትሑት፣ ወገቡን በእጁ የሚደግፍ ሰውዬ። በአዋጁ ምክንያት ሕዝብ እየጎረፈበት ነው። ሰው ቆሞ ጠመንጃ ይዞ ሲጠብቅ ይበሳጫል፤ የተበሳጨ ሰው ደግሞ ጠመንጃ ይዞ... ገባኝ። ተቀምጦ ይበሳጭ።

"ባለ ሦስት መቀመጫ፣ ቡናማ። በሦስት ቀን ይደርሳል?"

በሦስት ቀን? ያለ ስቴፕል መምቻ? አፌ "ይደርሳል" አለ። ዓይኔ ግን ቀድሞ አረንጓዴው ላይ አርፎ ነበር። የእንጨት አጽሙ ጠንካራ ነው። ኃጢአቱ ቀለሙ ብቻ።

"የተዘጋጀ አጽም አለኝ፤ ልብሱን ብቻ ነው የምንቀይረው" አልኩት። ቃል በቃል እውነት።

መጋቢት 26

ተረከበ። ከሥር ያለውን የሚስማር ጫካ ማን ይነቅላል? አረንጓዴውን ሳንገፍ ቡናማውን ከላይ አለበስነው። ካፖርት በለው። እንዴት እንዳማረበት! ስድስት ዓመት ያፈርኩበት ልጅ መንግሥት መሥሪያ ቤት ገባ።

መኪና ላይ ሲጭኑት ዝምታ "ከብዷል" አለ።

"ቁርስ ስላልበላህ ነው" አልኩት።

"በልቻለሁ።" የዕለቱ ድርሻው እዚያ ላይ አለቀ፤ ክርክሩን ረታሁ።

ወንድም ጋሼ አሁንም አልጋ ላይ ናቸው። ሾርባ ሰጥቻቸዋለሁ። የሶፋ ወሬ ለበሽተኛ ምን ይሠራል ብዬ አላነሣሁባቸውም።

መጋቢት 29

ኢንስፔክተሩ ደወለ።

"እናት፣ ሶፋው ጥሩ ነው። ግን... ምሳ ሰዓት ላይ ጋደም ስል ወገቤን ይወጋኛል። አጥንት ነገር አለው።"

"ምን አለው?"

"አጥንት። ረዘም ያለ።"

አጥንት! እኔን! እዚህ ላይ ለታሪክ ይመዝገብልኝ፦ ከእኔ እጅ የወጣ ሶፋ አጥንት የለውም። ኖሮትም አያውቅም። ወደፊትም አይኖረውም። አጥንት ካለ የኢንስፔክተሩ የራሱ ነው፤ ሐኪም ይየው።

(ለእሱ ያልኩት ግን "ሲለመድ ይለሰልሳል" ነው። ፖሊስ ነዋ።)

ሚያዝያ 4

ልጄ በቪዲዮ ደወለች። ወንድም ጋሼ ድነዋል፤ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ድንቡሼ ስልኩን ይዛ ትሮጣለች፤ ጣሪያ እናያለን፣ ወለል እናያለን፣ የአፍንጫ ቀዳዳ እናያለን። ከዚያ ፊታቸውን አየችና ቆመች። "ጋ... ጋሼ!" አለች። ማን አስተማራት? ልጄ ዞር አለች። እሷ ናታ።

"ጋሼ" አለች ልጄ ተመልሳ፣ "በጣም ነው የምወድዎት። ደረሰኙን ካላየሁ ግን አልመጣም። 'ለታመነ ሰው ሰጠሁ' አይበሉኝ። ያ ሰው ቤትስ ልጅ የለም?"

ስልኩ ተዘጋ። ወንድም ጋሼ ሚስማሩን ሲያዩ ቆዩ።

"ያን ጊዜ... አንዷ እንደጎደለች አውቅ ነበር" አሉ። "ጥይቶቹን ስቆጥር። 'ኋላ እፈልጋታለሁ' ብዬ ተውኩት።"

ሻይ ቀዳሁላቸው።

"ወስጄ አስረክባታለሁ" አሉ።

ሚያዝያ 9

የዛሬው ረጅም ነው።

ጠዋት ወንድም ጋሼ ኮት ለብሰው፣ ጺም ተላጭተው ሱቅ መጡ። ጉጠት ጠየቁ። ወደ ጥጉ ሄዱ። ቆሙ።

"አረንጓዴው የት አለ?"

"ተሸጠ! እንኳን ደስ ያለን አይሉም?"

"ማን... ማን ገዛው?"

"ቡናማ አለበስኩትና ፖሊስ ጣቢያ ገባ።"

ወንድም ጋሼ የሚቀመጡበት ፈለጉ። ሶፋ ሱቅ ውስጥ ሆነው መቀመጫ አጥተው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ቀለማቸው አረንጓዴ ሆነ። ያኔ ብርድ ልብሱ... የሚስማሩ ጫካ... "የማይናገር"... "ከብዷል"... አጥንት! ሁሉም አንድ ላይ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ።

"ወንድም ጋሼ። እመቤቲቱን ፖሊስ ጣቢያ ልኬያታለሁ ማለት ነው?"

"በክብር" አሉ፣ በደከመ ድምፅ።

ዝምታ መኪናውን ሊያስነሣ ወጣ። ማንም ሳይጠይቀው።

ጣቢያው ሰው በሰው ነው። በከረጢት የጠቀለለ፣ በጋዜጣ የጠቀለለ፣ በሕፃን ፎጣ የጠቀለለ። ሦስት ሰዎች ሶፋችን ላይ ተደላድለዋል።

"እባካችሁ ተነሡልኝ" አሉ ወንድም ጋሼ።

"ተራዎን ይያዙ እንጂ አባት! እኛ ከጠዋት ጀምሮ ነን።"

"እኔ ከእናንተ በፊት ነኝ።"

"የታለ ታዲያ ጠመንጃዎ?"

"ከሥራችሁ።"

ሳቁ። ወንድም ጋሼ አልሳቁም። ሦስቱም ሳቃቸውን እንደያዙ ብድግ አሉ። እንደዚያ ቀልጠፍ ብሎ የሚነሣ ሕዝብ አይቼ አላውቅም።

ኢንስፔክተሩ ወገቡን ይዞ ወጣ። ነገርነው። ሶፋውን ገለበጥነው። እኔ ተንበርክኬ ሚስማሩን ነቀልኩ፣ ነቀልኩ፣ ነቀልኩ... ቡናማው ተገለጠ፣ አረንጓዴውም ወጣ (አፈርኩ)፣ ከዚያ ብርድ ልብሱ። ኢንስፔክተሩ ራሱ ፈታው። እመቤቲቱ በዘይት ታብረቀርቃለች።

"ጥይቷስ?"

"ካዝናው በግራ በኩል ክንድ ማሳረፊያው ውስጥ ነው። አዋጁ ለያይታችሁ ይላል እኮ።"

"አባት፣ አዋጁ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ደብቁ አይልም።"

"ፖሊስ ጣቢያ አስረክቡ ይላል። ያለችውስ የት ነው?"

አሁን ይታሰራሉ አልኩ። ኮት የለበሱትም ለዚህ ይሆን እንዴ? ኢንስፔክተሩ እመቤቲቱን አየ፣ ሶፋውን አየ፣ እጁን ወገቡ ላይ አደረገ።

"እኔስ በወገቤ ተረክቤያት ነበር" አለ።

ከዚያ የሳቀው ሳቅ... ሲስቅም ያመዋል፤ "ወይኔ፣ ወይኔ" እያለ ነው የሚስቀው። ክፍሉ ሁሉ ተከተለው።

ደረሰኙን ሲጽፍ ወንድም ጋሼ እመቤቲቱን አንዴ ነካ አደረጓት፤ ሰደፏን። ሰው ሲሸኝ ትከሻ እንደሚነካው።

"በክፉው ጊዜ በር ላይ ቁጭ ብዬ ያነጋሁት ከእሷ ጋር ነው" አሉት።

"ሰምቻለሁ። እናቴ እዚያው ሰፈር ነበረች" አለ ኢንስፔክተሩ፣ ቀና ሳይል። "ተኝታ ነው ያነጋችው። አሁን እርስዎም ይተኙ።"

ደረሰኙን ፎቶ አንሥቼ ላክሁ። ከልጄ የመጣው መልስ አንድ ቃል፦ "መጣን።"

በቃል ቁጠባ ተገናኝተዋል፤ ዝምታን ታገባው ይሆን?

ሚያዝያ 12

ለጣቢያው አዲስ ሶፋ ጀመርን። አዲስ አጽም፣ አዲስ ስፖንጅ፣ አዲስ ስቴፕል መምቻ። ያለ ክፍያ። ኢንስፔክተሩ አልጠየቀም። እኔ ነኝ ያልኩት፤ ከቡናማው ሥር አረንጓዴው አፍጥጦ እያየኝ እንዴት ላስከፍል?

ሚያዝያ 27

ቤቱ ፈርሷል። ማለቴ ሞልቷል። ልጄ ዕቃዋን ይዛ ገባች። ስትገባ መጀመሪያ ያደረገችው ከአልጋ ሥር ጎንበስ ብላ ማየት ነው። በእጅ ባትሪ። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰችና ድንቡሼን መሬት ላይ ለቀቀቻት።

ሚስማሩ ላይ አሁን የተንጠለጠለችው የድንቡሼ ቢጫ ኮፍያ ናት። ወንድም ጋሼ በአራት እግራቸው ሳሎን ይዞራሉ፤ ጆሮአቸው ተይዟል። በእሑድ ዘይት የሚቀቡት ባለ ሦስት ጎማ ሳይክሏን ነው። ትናንት ከራት በፊት እንቅልፍ ጣላቸው። አፋቸውን ከፍተው። ኮቱም አልወለቀም።

አረንጓዴው ከጣቢያው ተመልሶ፣ ቡናማ ካፖርቱን አውልቆ፣ ሳሎናችን ገብቷል። ድንቡሼ ትዘልበታለች። ቀለሙን ወደደችው። በመጨረሻ የሚወደው ተወለደ።

ማስተካከያ። በመጋቢት 29 በዚህ ማስታወሻ ላይ "ከእኔ እጅ የወጣ ሶፋ አጥንት የለውም፤ ኖሮትም አያውቅም" ተብሎ የሰፈረው ስሕተት መሆኑ ተደርሶበታል። ትክክለኛው፦ አንድ ሶፋ አንድ አጥንት ነበረው፤ ረዘም ያለ፤ ወጥቷል። ጉዳት የደረሰበትን ወገብ ይቅርታ እንጠይቃለን። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት፣ ከአልጋ ሥርም ሆነ ከሶፋ ሥር፣ ድንቡሼ አንሥታ አፏ ብትከተው የሚያስደነግጠን ነገር የለም። የሚስማሩ ቆርቆሮ ቁምሳጥን ላይ ወጥቷል።