ጓሳና አማቹ

ለወንድሜ ጌጡ አፈወርቅ፣ አርባ ምንጭ

እንደምን ከረምክልኝ? የቆላው ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ ኮከብስ እንዴት ናት፣ ወገቧ ተሻላት ወይ? መሲ ጥርሷን ነቀለች ሲሉ ሰማሁ፤ ጣሪያ ላይ ወረወረችው? ቆርቆሮው ላይ ኳ ብሎ ሲወድቅ ሳያስደነግጣት አይቀርም። እኛ በሰውም በከብትም ደህና ነን፤ በጎቹም ወልደዋል። ውርጩ ብቻ ገብሱን ጫፍ ጫፉን ጠብሶብናል። አንተን ማየት ካማረን ግን ቆየ። ከእማማ ተዝካር ወዲህ እኮ አልመጣህም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። እዚህ ስልክ የሚሰማው አባባ ቤት፣ ከመደባቸው አጠገብ ሲቆሙ ብቻ ነው፤ አባባ ደግሞ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ጆሯቸው የሁለት ሰው ሆኗል። የምነግርህ ስለ እሳቸው ስለሆነ፣ የጎረቤታችን የእትዬ ጥሩሸዋ ልጅ አወቀ ወደ እናንተ አገር ሲመለስ ይዞልህ እንዲመጣ ሰጠሁት። ፖስታውን ስትከፍት ቀስ በል። ውስጡ ሁለት የሳር ቅጠል አለ።

እትዬ ጥሩሸዋን ካነሳሁ አይቀር ልንገርህ፤ ቤታቸውን ቆርቆሮ አልብሰው ሰሞኑን ሰፈሩ አልበቃቸው ብሎ ነበር። በረዶ የጣለ ዕለት ግን ከባላቸው ጋር መደማመጥ አቅቷቸው በእጅ ሲጠቋቆሙ አመሹ አሉ። «እሰይ፣ ጭቅጭቁ ቀረልኝ» እያሉ እሳቸውም ይስቃሉ። አንተ ቆርቆሮ ልላክ ስትል አባባ እምቢ ያሉት ግን በኩራት እንዳይመስልህ። «እናታችሁ ከሳር ክዳን ሥር ነው የወጣችው፤ እኔም ከሱው ሥር ልውጣ» ነው ያሉት። ክዳኑ ደግሞ አርጅቶ ነበር።

እንደ እድል ሆኖ ለዓመታት ለአጨዳ ተዘግቶ የቆየው የጓሳ ሜዳ ዘንድሮ ተከፈተ። ሽማግሌዎቹ ሳሩ ደርሷል ብለው እንደወሰኑ አገሩ ሁሉ ማጭዱን ይዞ፣ አህያውን ነድቶ ወጣ። ባሌ አንዷለምም ድርሻችንን አጭዶ እያሰረ አባባ ደጃፍ ከመረው። አባባ በርጩማ አስወጥተው ከክምሩ ጎን ተቀመጡ። መቼም ታውቃለህ፣ የክዳን ሳር በእሳቸው እጅ ሳያልፍ ጣሪያ ላይ አይወጣም፤ የኛ ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱም። ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ እንኳ ሰዉ እስሩን ተሸክሞ ይመጣ ነበር እንጂ የተጠራጠራቸው የለም።

እንዴት እንደሚለዩት አንተም ከሥራቸው ተቀምጠህ ተምረሃል። መጀመሪያ ሥሩን ይዳብሳሉ፤ ጓሳ ከአንድ ጉቶ ጥቅጥቅ ብሎ ስለሚወጣ የአምናው አሮጌ ልባስ የዘንድሮውን ቅጠል እንዳቀፈው ይገኛል። ከዚያ ቅጠሉን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል ያሾሩታል። ጎንና ጎኑን አጥፎ የተጠቀለለ ስለሆነ እንደ ወስፌ ድቡልቡል ነው፣ ይሾራል። ከጫፉ ወደ ሥሩ ሲስቡት ጠርዙ ቆዳ ይይዛል። ቢያጥፉት ይጎብጣል እንጂ አይሰበርም። ያ ከጓሳው መሀል የሚበቅለው ሌላው ሳር ቁመቱም መልኩም ያው ነው፤ ሲደርቅማ ባለ ዓይኑንም ያሳስታል። ቅጠሉ ግን ጠፍጣፋ ስለሆነ ጣት መሀል ይንሸራተታል እንጂ አይሾርም፤ ሲያጥፉትም ቀጭ ይላል። አባባ «የጓሳ አማች» ይሉታል። «በሰርጉ ቀን ዘመድ ይመስላል፤ ክረምት ሲገባ አፍስሶ ጥሎህ ይሄዳል» እያሉ አንዷለምን ይሸነቁጡበታል። አንዷለምም «እኔ መቼ አፈሰስኩ፣ አባባ?» ይላቸዋል።

ያን ቀን ግን አባባ አንዱንም እስር ሳይመልሱ «ይሄ ጓሳ ነው፣ ይሄም ጓሳ ነው» እያሉ ሁሉንም አሳለፉት። አንዱ እግሬ ሥር ወድቆ ባየው ግማሹ አማቹ ነው። ሌላውን ፈታሁ፤ እሱም ያው። ቀና ስል ከዳኙ አያ ትዕዛዙ መሰላሉ ላይ ሆነው ያዩኛል። ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ አባባ እጅ ዞር አልኩ። ሳሩ ጣታቸውን ቆርጦት ደሙ እስሩ ላይ ይንጠባጠባል። አባባ አላወቁም፤ ያንኑ ቅጠል ያሾራሉ።

በነጋታው እትዬ ጥሩሸዋ አባባን እየመሩ ለቅሶ ቤት ወሰዱልን። እኔና አንዷለም እሳቸው ሳይሰሙ እንጨርስ ብለን እስሩን ሁሉ እየፈታን ጓሳውን ለብቻ፣ አማቹን ወደ በጎቹ ስንወረውር፣ ለካ ተመልሰው ከአጥሩ ውጪ ቆመው ይሰሙናል። እትዬ ጥሩሸዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ዝም ብለዋል። እሳቸው ዝም ሲሉ አይተህ ታውቃለህ?

«ዘነቡ፣ ብዙ ነው ወይ?» አሉኝ አባባ። «ጥቂት ነው» አልኩ። «ጓሳ ሲወድቅ አይንኮሻኮሽም፣ ልጄ። እኔ የሰማሁት ጥቂት አይደለም።» ከዚያ በርጩማቸውን በእግራቸው ፈልገው ተቀመጡና እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጣታቸው ከደነዘዘ ቆይቷል ለካ። እማማ ብቻ ነበረች የምታውቀው። ትዝ ይልሃል፣ አባባ ሳር ሲለዩ ከጎናቸው ተቀምጣ ሱፍ ትፈትል የነበረው? እኛ ፀሐይ ልትሞቅ ይመስለን ነበር። ለካ ሲሳሳቱ እግራቸውን ትረግጣቸው ነበር። «እጁ የኔ፣ ዓይኑ የሷ ነበር» አሉ። «ትናንት ቀኑን ሙሉ እግሬን ዘርግቼ ጠበቅኳት። ሳትረግጠኝ ስትቀር ሁሉም ጓሳ ነው አልኩ።» ወንድሜ፣ እማማ ስትቀበር እንኳ እንደዚያ ቀን አላለቀስኩም።

ጤና ጣቢያ ወስደናቸው የስኳር ሕመም ነው አሉን፤ መድኃኒት ጀምረዋል። የጣታቸው ነገር ግን የሚመለስ አይመስልም። ሳር ይዞ የሚመጣውን ጎረቤትም «ሌላ ሰው ፈልጉ» እያሉ ይመልሳሉ። ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ከማገሩ ሥር ሻጡት።

ቤቱ በንጹሕ ጓሳ ተከድኗል፣ ጉልላቱ ሲቀር። አያ ትዕዛዙ ሊያስሩት ሲወጡ አባባ ከለከሏቸው። «ጉልላት የሚያስረው የበኩር ልጅ ነው፤ ሳሩንም ራሱ ይልቀም። እኔ ከጎኑ እቀመጣለሁ። ቢሳሳት አንቺ እግሩን ርገጪው» አሉኝ። አናቱን በሸራ ሸፍነነዋል። ሰሞኑን ዝናቡ ቀደመና በሸራው ጠርዝ እየገባ መደባቸው ድረስ ደረሰ። ወደ እኔ ቤት እንውሰድዎ ብንላቸው ወይ ፍንክች። ጋቢያቸውን ተከናንበው «ጌጡ መንገድ ላይ ነው» ይላሉ። ማን እንደነገራቸው እንጃ። አያ ትዕዛዙ ክረምቱ ሳይገባ ካልታሰረ የተከደነውም ይበሰብሳል ብለውኛል።

አሁን እነዚያን ሁለት ቅጠሎች አውጣቸው። ዓይንህን ጨፍነህ በጣትህ አሹራቸው። ጓሳው የትኛው እንደሆነ ካወቅከው ተነሥተህ ና። ካላወቅከውም ና፤ እኔ ከጎንህ ነኝ።

ኮከብን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ። ለመሲ የሚቀጥለውን ጥርሷን አያቷ ቤት የሳር ክዳን ላይ እንድትወረውረው ንገራት፤ ድምፅ የለውም። አንዷለም «አማቹ እስካሁን አላፈሰሰም በይልኝ» ብሏል። እትዬ ጥሩሸዋ ሰላም ይሉሃል፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ቆርቆሯቸው አንስተው አያውቁም። አባባ እንደጻፍኩልህ ስላላወቁ ሰላምታ አላሉኝም፤ ግን ውጪ የእግር ኮቴ በተሰማ ቁጥር ቀና ይላሉ።

እህትህ ዘነበች አፈወርቅ
መንዝ፣ ከጓሳ ግርጌ
ግንቦት ፲፬ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.