አርፋለች

ረቡዕ፣ ከምሳ በኋላ
ከስፌት ክፍሉ

የእኔ ቀጭኔ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበቴ ተሽሎኛል፤ የአዳራሹን ደረጃ ያለ ምርኩዝ እወጣለሁ። ሌላው ወሬ ደግሞ መጋቢያችንና አንድ ወንድም ነገ ጠዋት ወደ አንቺ መንገድ ይጀምራሉ። ቤተ ክርስቲያናችን በየሦስት ወሩ ለክሊኒካችሁ የምትልከውን ካርቶን ይዘውልሽ ይመጣሉ። ፋሻው፣ ሳሙናው፣ ለሕፃናቱ የሰፋነው ብርድ ልብስ ሁሉ ገብቶበታል። ይህን ሁሉ ዓመት በፖስታ ሲሄድ የኖረውን ካርቶን ሁለት ትልልቅ ሰዎች ባሕር አቋርጠው የሚያደርሱበት ምክንያት ግን አልገባኝም። ስጠይቃቸው እርስ በርስ ይተያያሉ።

ነገሩ የጀመረው የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው። እንደ ወትሮው ረቡዕ ጠዋት ለተልእኮ ጸሎት ተሰብስበን ሳለ መጋቢው ስልኩን አወጣና ከረዳትሽ፣ ቋንቋችንን ካስተማርሻት ከዚያች ልጅ፣ የመጣ መልእክት አነበበ። «እህታችን አርፋለች። በጣም ደክማ ነበር። አሁን ሰላም ናት።» ይኸው ነው፤ ሌላ ቃል የለውም።

እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። «ተመስገን፣ በስንት ልመና አረፈች» አልኩ ጮክ ብዬ። ከጎኔ የነበረችው ሴት እጄን ይዛ አልለቅ አለችኝ። መጋቢው መነጽሩን አወለቀና «እማማ፣ የተባለውን ሰሙት?» አለኝ። ጆሮዬ ደህና ነው አልኩት።

እነሱ ልጅቷን አያውቋትም። አንቺው ራስሽ ጽፈሽልኝ የለም? ጫማሽን አውልቀሽ ጋደም ስትዪ «አረፍሽ?» ትልሻለች፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ «አረፍን» ትላለች፤ መብራት ሲጠፋ እንኳ «መብራቱ አረፈ»። ያን ቀን ስቄ ስቄ እንባዬ መጥቶ ነበር። ታዲያ እንዲህ ያለች ልጅ «አርፋለች» ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ለእኔ ይነገረኛል? ክፋቱ ከዚያ ወዲህ ስልካችሁ አይነሳም። ጎርፍ የስልኩን ምሰሶ ጥሎታል ይላሉ።

የሰዉ ነገረ ሥራ ሁሉ ተለውጧል። ስገባ ወሬ ያቆማሉ። ጥቁር ለብሰው ቤቴ ይመጡና ተቀምጠው ይውላሉ። ማን ሞቶ ነው ስላቸው አንገታቸውን ይደፋሉ።

የፎቶሽን ጉድ ደግሞ ስሚ። አዳራሹ መግቢያ ላይ በግራ በኩል ካርታውና የላክናቸው ሰዎች ፎቶ እንዳለ ታውቂያለሽ። በቀኝ በኩል «በጌታ ያረፉ» የሚለው ግድግዳ ነው። መልእክቱ በተነበበ ማግስት ጠዋት ስገባ አንቺን በቀኝ አገኘሁሽ፤ ከነዚያ ሽማግሌዎች መሃል ጥርስሽን ገልጠሽ ትስቂያለሽ። ደሜ ፈላ። ነቅዬ ወደ ካርታው መለስኩሽ። በሚቀጥለው ቀንም ያው፣ በቀኝ። እንደገና መለስኩሽ። ከማን ጋር እንደምጓተት ሳላውቅ እንዲህ ስንባባል ከሁለት ሳምንት በላይ ሆነን።

ሰኞ ዕለት ስነቅልሽ ጣቴን ወጋኝ። አየት ባደርገው ባለ ነጭ ራስ ስፒል ነው፤ የራሴ፣ ከስፌት ቆርቆሮዬ። ያን ቆርቆሮ ማንም አይነካውም፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው የሚያድረው። አዳራሹን የሚከፍተውም የሚዘጋውም ጋሽ ቁልፌ ብቻ ስለሆነ ሄጄ አፋጠጥኩት። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

«እኔ አልነካሁትም፣ እታለም» አለኝ።

«ታዲያ ማነው?»

«አንቺ ነሽ እንጂ። ማታ ማታ የስፌት ክፍሉን ዘግተሽ ስትወጪ ከካርታው ላይ ታነሺያታለሽ። በቀኝ ሰክተሽ፣ በመዳፍሽ ደባብሰሽ ትሄጃለሽ። ደህና እደሪ እልሻለሁ፣ አትሰሚኝም።»

አርጅተሃል፣ ዓይንህ ፈዟል ብዬ ዘለፍኩት። ከዚያ ወዲህ አላናገርኩትም። እሱ ግን ሳልፍ ቆቡን ያነሳልኛል፤ ይህም አናዶኛል።

አሁን ከካርቶኑ ጋር እንዲመጣልሽ ወደሰፋሁት የሥራ ጋዎንሽ ልምጣ። መጋቢው «መካከለኛ ቁመት ይሁን፣ ለማንም እንዲሆን» ብሎኝ ነበር። ማንም ማነው? ክሊኒኩ ያለው አንድ ነርስ፣ እሷም የእኔ ልጅ። ስለዚህ በአንቺው ቁመት ቆርጬዋለሁ። እጅጌውን ረዘም፣ የቀኙን ኪስ መቀስሽንና ያን የማይጠፋሽን ብስኩት እንዲይዝ ሰፋ አድርጌዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ጨረስኩት፤ ተኩሼ አጥፌዋለሁ። ይህን ደብዳቤ እዚያ ኪስ ውስጥ እከተዋለሁ። ለብሰሽ እጅሽን ስትከቺ እኔን ታገኚኛለሽ።

አንድ ነገር ነግሬሽ አላውቅም። በሄድሽበት እሑድ መጋቢው «ይህችን እህት ማን ይልካታል?» ሲል ከሁሉ ቀድሜ እጄን ያወጣሁት ደፍሬ አልነበረም። ዘግይቼ ቢሆን እጄ እንደማይነሳ አውቄው ነው። ናፍቀሽኛል፣ ልጄ። መልስሽ አንድ መስመር ቢሆንም ይበቃኛል፤ ለመጋቢው ስጪው፣ አይጠፋም።

በሽተኞችሽን ይማርልሽ። የምትረግጪውን መሬት ያጽናልሽ፣ የምትጠጪውን ውሃ ያጥራልሽ። ከእኔ ዕድሜ ቀንሶ ለአንቺ ይጨምርልሽ።

እናትሽ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ልክተት ብዬ ጋዎኑን ብዘረጋው እጄ አልገባ አለ። የኪሱ አፍ ከዳር እስከ ዳር ተሰፍቷል። የግራውም እንደዚሁ። እጅጌዎቹንም አየኋቸው፤ ጫፋቸው ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ስፌቱ ደቃቅ ነው፣ የእኔ ስፌት ነው፤ መቼ እንደሰፋሁት ግን አላውቅም። ልጄ፣ ፈራሁ። ጋሽ ቁልፌን ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ።

መኪናው የሚመጣው ነገ ጠዋት ነው። አሁን ክሩን አንድ በአንድ እየፈታሁ ነው፤ ከመሄዳቸው በፊት እጨርሰዋለሁ። አንቺም አርፈሽ ከሆነ ይበቃሻል፤ ተነሺ።